አዳዳ የሺ አይሆንም ያሉበት ክረምት

ናይቫሻ፣ ኬንያ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አዳዳ የሺሃረግ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ሱሉልታ ድረስ ይድረስዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እኔና ልጄ ሲምቦ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን።

ጆሮዎ ስልክ አልሰማ ካለዎት ወዲህ ድምፅዎ ይናፍቀኛል። ጎረቤትዎ ጥሩዬ ግን ደብዳቤዬን ከኮፒ ሱቋ አትማ እንደምትሰጥዎት፣ የእርስዎንም በስልኳ አንስታ እንደምትልክልኝ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። (ጥሩዬ፣ ስታትሚው ማንበብሽ አይቀርምና አንቺንም ሰላም ብያለሁ።)

ሆለታ የጀመርኩት የአበባ ሥራ እዚህ ድረስ አምጥቶኝ ይኸው አራት ዓመት ሞላኝ። አሁን ሦስት ግሪን ሀውስ በእኔ ኃላፊነት ነው። ጽጌረዳው ከሰው ይልቅ ይታዘዘኛል።

አዳዳ፣ እንደ ስሙ የአባቴ እህት ባይሆኑም የአጎቱ ልጅ ነዎት፤ አባቴ ታሞ አልጋ በያዘ ጊዜ ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ መጥተው እጄን ይዘው የወሰዱኝ እርስዎ ነዎት። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በእርስዎ ቤት ተማርኩ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አጥርቼ የምጽፈው በእርስዎ ነው። ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም።

አሁን ደግሞ ሌላ ውለታ ልጠይቅዎት ነው። ሲምቦ ስድስት ዓመት ሞላት። እዚህ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እንጂ የእኛ ቋንቋ የለም። አማርኛዋ እየተሰባበረ ነው፤ የኦሮምኛውን ፊደል ቁቤን ጭራሽ አታውቅም። አባቷ እንደሚያውቁት ለገጣፎ ሌላ ትዳር ይዟል። ወንድሜ ሞቲም ቡራዩ በአንድ ክፍል ቤት ከነሚስቱ ነው። በነሐሴ ይዣት ልምጣና ለአንድ ዓመት ብቻ ከእርስዎ ጋር ትሁንልኝ። ከእርስዎ በቀር አደራ የምለው ሰው የለኝም።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንደ ሱሉልታ ሜዳ ያስፋልኝ።

ልጅዎ ሄመን

*

ሱሉልታ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄመን፣

ባለሽበት አገር የሰማይ አምላክ ጥላ ይሁንሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለወሬው፣ አንዴ ለእጅ ጽሑፍሽ ብዬ፤ ለካ በማሽን ነው የምትጽፊው!

እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ እንደምታውቂው ነው። ሯጮቹ ማለዳ ማለዳ በበራችን ያልፋሉ፤ ድሮ ኮቴያቸው ነበር የሚቀሰቅሰኝ፣ አሁን ግን አይቼ ነው የማውቀው። ከተጂ የመጣችው አትክልት፣ የዘመዳችን የድንቅቱ ልጅ፣ አሁንም ከእኔ ጋር ናት። በመጋቢት ወድቃ ትከሻዋ ተሰብሮ ነበር፤ ተመስገን ድናለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዛፍ ላይ መውጣት አላቆመችም።

ስለ ሲምቦ ያልሽውን አየሁ። እንግዲህ ምን እላለሁ? እሺ ነው እንጂ። በዚህ ቤት አሥራ አራት የዘመድ ልጅ አድጓል፤ አሥራ አምስተኛዋ ትሁን። ባለቤቴ ኦቦ ኢብሳ ነፍሱን ይማረውና፣ «የሺ፣ ይህ ቤት በር እንጂ መዝጊያ የለውም» ይለኝ ነበር። ሲመርቀኝ ይሁን ሲያማርር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ልጅሽን ሳሚልኝ።

አዳዳሽ የሺሃረግ

ይድረስ ብዬ ከጨረስኩ በኋላ፦ ጥሩዬ ፎቶ ልታነሳው ስታነበው፣ «እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ምን አገባሽ ብዬ ተቆጣኋት።

*

ናይቫሻ
ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አዳዳዬ፣

ገለቶማ! ገለቶማ! ፈጣሪ እጥፍ ድርብ አድርጎ ይክፈልዎት። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ምሳ ሰዓት ላይ ነበር፤ ሠራተኞቼ ፊት አለቀስኩ። እርስዎ እሺ እንደሚሉ አውቅ ነበር። እርስዎ ለማን እምቢ ብለው ያውቃሉ?

ለሲምቦ ነግሬያታለሁ። ጫማዋን እያየች ሰማችኝ። «እሺ በይ» አልኳት፤ «እሺ» አለች። ጨዋ ልጅ ናት፣ አታስቸግርዎትም።

አንድ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ነሐሴ ላይ ሥራ ስለሚበዛብኝ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ባመጣት ይሻላል። ደግሞ አስቤ አስቤ አንድ ዓመት ለምንም አይበቃትም፤ ቋንቋው እንዲገባት ሁለት ዓመት ብትቆይ፣ ምናልባትም እስከ ሦስተኛ ክፍል ቢያደርሱልኝ። ለእርስዎ አንድም ሁለትም ያው አይደል? ትኬቱን ልቆርጥ ነው።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ ሄመን

*

ናይቫሻ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳዳ የሺሃረግ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። መልስ ካጣሁ አራት ሳምንት ሊሆን ነው። ጥሩዬን ብጠይቃት «ደህና ናቸው፤ ተጂ ደርሰው መጥተዋል፤ እየጻፉ ነው» ትለኛለች እንጂ ሌላ ቃል አትነግረኝም። በዚህ ዝናብ ተጂ ምን ወሰደዎት? አስቀየምኩዎት እንዴ?

ትኬቱ ለሐምሌ 12 ተቆርጧል። የሲምቦን ሻንጣ ግማሹን አስገብቻለሁ። እባክዎ አንድ መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሄመን

*

ሱሉልታ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄመን፣

የክረምቱ ጌታ ከነልጅሽ በጤና ያቆይሽ። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አራተኛው ይኸውልሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሲምቦን ተቀብዬ አላሳድግልሽም።

ግንቦት ላይ እሺ ብዬሽ ነበር። አስቤበት አልነበረም፤ ከልማድ ነው። ሰው አደራ ሲለኝ አፌ ከልቤ ቀድሞ እሺ ይላል። ይቅርታ የምጠይቅሽ ለዚያ እሺታዬ ነው፤ ለዛሬው ቃሌ አይደለም።

የሆነውን ልንገርሽ። አትክልት ወድቃ ትከሻዋ ተሰበረ ብዬሽ ነበር፤ እንዴት እንደወደቀች ግን አልነገርኩሽም። ከጓሮ ለመጸዳጃ ቤት አዲስ ጉድጓድ አስቆፍሬ በቆርቆሮ አስከድኜው ነበር። ልጅቷ ቆርቆሮው ላይ ስትወጣ ይዟት ገባ። እኔ ከዚያ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ጮኸች። ስሜን ጠራች። አልሰማሁም። ምስሩን ለቅሜ፣ አበጥሬ፣ ሰፌዱን ይዤ ወደ ቤት ልገባ ስነሳ ጥሩዬ የአጥሩን በር በርግዳ እየሮጠች ስትመጣ አየሁ። እሷ ከሱቋ ሆና ሰምታለች፤ እኔ ከአጠገቧ ሆኜ አልሰማሁም።

ለእናቷ ለድንቅቱ፣ «እንደወደቀች ደረስኩላት» ብዬ አስነገርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ «አትዋሹ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው በሰባ አንድ ዓመቴ ዋሸሁ። መስማት እንዳቆምኩ ከታወቀ ከንቱ ሆናለች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ያንቺ ደብዳቤ፣ «ሐምሌ ላይ ላምጣት፣ ሁለት ዓመት ትቆይ» የሚለው ሲመጣ እህል አልወርድልኝ አለ። ልጅቷን ገና ሳላያት ጉድጓዱ ውስጥ ሆና ታየችኝ። በማግስቱ አትክልትን ለጥሩዬ ትቼ ተነሳሁ። ከሱሉልታ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሰበታ፣ ከሰበታ ተጂ። ሰበታ መናኸሪያ ረዳቶቹ የሚጠሩትን አገር አልሰማም፤ አፍ አፋቸውን እያየሁ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ መኪና ውስጥ ገባሁ። አንዲት ተማሪ ናት እጄን ይዛ የተጂው ላይ ያስቀመጠችኝ።

ድንቅቱን ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። ከጎኗ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። ከዚያ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ፣

«አዳዳ፣ አውቃለሁ» አለችኝ። «አትክልት ያኔውኑ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር፣ ልጅሽን ውሰጂ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

ይገባሻል ሄመን? እኔ ደክሞኛል ማለት አፍሬ ዝም አልኩ። እሷ ልጄ አደጋ ላይ ናት ማለት ፈርታ ዝም አለች። ሁለታችን ተከባብረን ልጅቷን ልንገድላት ነበር። እዚያው ሽንኩርት መሃል ተቃቅፈን አለቀስን፤ ገበያተኛው ሰው የሞተብን መስሎት «ነፍስ ይማር» አለን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጥታ ልጇን ወሰደች። ከመስከረም ጀምሮ እዚያው ተጂ ትማራለች።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ይቀለኝ ነበር። ጆሮዬን ሰበብ አድርጌ እገላገላለሁ፤ አንቺም ታዝኚልኛለሽ። ግን አንዴ እውነት ከጀመርኩ ልጨርሰው። ጆሮዬ እንደ ድሮው ቢሆንም ልጅሽን አልቀበልም ነበር። ከተዳርኩ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። የሰው ልጅ ፊት ሳላጥብ፣ የሰው ልጅ ጫማ ሳልፈልግ ያነጋሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሁላችሁንም ወድጄአችሁ ነው ያሳደግኳችሁ፤ አልጸጸትበትም። ደብረ ሊባኖስ ግን ከደጄ በሚያልፈው መንገድ ጥቂት ሰዓት ነው፤ «እነዚህ ልጆች ከፍ ይበሉ» እያልኩ አንድ ቀን እንኳ ተሳልሜ አድሬ አላውቅም። አሁን ቀሪውን ዕድሜዬን ለራሴ እፈልገዋለሁ። መጀመሪያ «አልችልም» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። የምልሽ «አልፈልግም» ነው። ይህን ቃል ለሰው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

የምችለውንና የምወደውን ደግሞ ልንገርሽ። ለሲምቦ በየሳምንቱ አንድ ገጽ እጽፍላታለሁ፤ በአንድ በኩል ፊደል፣ በሌላው ቁቤ፣ ከነሥዕሉ። አስተማሪነቴን አልረሳሁም። እሱን በደስታ አደርገዋለሁ።

እንደምትቀየሚኝ አውቃለሁ። የሆነው ሆኖ እግዚአብሔር ከአንቺ አይለይ።

አዳዳሽ የሺሃረግ

*

ናይቫሻ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የሺሃረግ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በአትክልት ላይ ስለደረሰው አዝናለሁ።

ለልጄ ነግሬያታለሁ። ለመሥሪያ ቤቴ ቃል ገብቻለሁ። አይሆንም ማለት የሚችሉ መሆንዎን ባውቅ ኖሮ በግንቦት ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። አሥራ አራት ልጅ የገባበት በር ለእኔ ልጅ ሲደርስ መዘጋቱ ይገርመኛል።

ስለ ገጹ አይድከሙ።

ሄመን

*

ሱሉልታ
መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄመን፣

አዲሱ ዓመት የዕርቅና የጤና ይሁንልሽ። ሜዳው አደይ ለብሷል፤ ውሃው ገና ከረግረጉ አልጎደለም።

ሁለት ወር ሙሉ ጥሩዬ ሱቅ እየሄድኩ በዓይኔ «መጣ?» ስላት ራሷን ነቅንቃ «አልመጣም» ስትለኝ ከረምን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለት ጊዜ «በይ አምጫት» ብዬ ልጽፍልሽ እስክሪብቶ አንስቻለሁ። ሁለቴም መልሼ አስቀመጥኩት። የምወደው ሰው ሲቆጣኝ ዝም ብዬ መቀመጥ አልለመድኩም፤ እየተማርኩ ነው። ቁጣሽ ያንቺ ነው፤ አልከለክልሽም።

ለፍልሰታ ደብረ ሊባኖስ ሄጄ ሳምንት ቆየሁ። ቅዳሴው ባይሰማኝም ዘማሪዎቹ ሲወዛወዙ እያየሁ ልቤ ሞላ። አንቺንም ልጅሽንም በስም ጠርቼ ጸለይኩ።

አይድከሙ ብትዪኝም የሲምቦን ገጽ መጻፍ አላቆምኩም። ስድስቱ እነሆ። ካልፈለግሽ አትስጫት።

አዳዳሽ የሺሃረግ

*

ናይቫሻ
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎት፣ ለምወድዎት፣ ላስቀየምኩዎት አዳዳ የሺ፣

በየት በኩል ልጀምር? ይቅርታ በመጠየቅ ልጀምር። «ወይዘሮ» ብዬ የጻፍኩልዎትን ሳስበው አፍራለሁ። ያን ቀን በአደባባይ የተመታሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ ልንገርዎት፤ እርስዎ እውነቱን ነግረውኛልና እኔም አልደብቅም።

ሲምቦን ልልካት የፈለግኩት ለቋንቋ ብቻ አልነበረም። ድርጅቱ ደጋ ላይ አዲስ እርሻ ሊከፍት ነበር፤ ኃላፊ ሁኚ አሉኝ። በሳምንት አራት ቀን እዚያ ማደር አለብኝ። ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቀኝ ሳላስብ እሺ አልኩት። እንደ እርስዎ ነው፣ አፌ ቀደመ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው ልጄን የማደርግበትን ያጣሁት። ለእርስዎ ግን ይህን ሳልነግር ቁቤና ፊደልን ፊት ለፊት አቆምኩ።

እርስዎ አይሆንም ካሉኝ በኋላ ለሰበታም ለቡራዩም ለማውቀው ሰው ሁሉ ጻፍኩ። ሁሉም «እስቲ እናያለን» አሉኝ። ሐምሌ በእናያለን አለቀ። አይሆንም ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ የተቆጣሁትም እርስዎን ብቻ ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

በዚሁ መሃል የሲምቦ ጫማዎች መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ፣ ከዚያ ሰንደሏ፣ ከዚያ ሸራ ጫማዋ። የጎረቤት ልጆችን ጠረጠርኩ፤ እናታቸውንም ተናገርኳት። ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ አልጋ አንስቼ ቤት ሳጸዳ፣ አበባ የምናሽግበት ካርቶን ግድግዳው ጥግ ተወትፎ አገኘሁ። ሦስቱም ጥንድ ውስጡ ነበሩ፤ በላያቸው ፎጣ ተደርቦባቸዋል።

ጠራኋት። ካርቶኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ለምን ደበቅሻቸው?»

«ጫማ የሌለው ሰው አውሮፕላን ውስጥ አይገባም ብዬ።»

«ታዲያ መሄድ አልፈልግም ለምን አላልሽኝም?»

«እሺ በይ ስላልሽኝ።»

አዳዳ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ አልፈልግም የሚለውን ቃል አታውቀውም። ከየት ታውቀው? ከእኔ አፍ ሰምታው አታውቅም።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ልጄ አስም አለባት ልለው። አፌን ስከፍት እርስዎ የሰረዙት «አልችልም» ትዝ አለኝ።

«ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። በሳምንት አራት ቀን ከእሷ ተለይቼ መኖር አልፈልግም» አልኩት።

«እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም። እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። አልነበርኩም።

ቦታውን ከእኔ በኋላ ለገባ ልጅ ሰጡት። መኪናም ሰጡት። በደጄ ሲያልፍ ዛሬም ቅር ይለኛል፤ አልዋሽዎትም። ግን በአሥር ሰዓት ከሥራ ወጥቼ ሲምቦን ከትምህርት ቤት እቀበላታለሁ። እራት እስኪደርስ የእርስዎን ገጽ እናነባለን። ከመስከረም ጀምሮ አንድም አላመለጣትም። የሣሉላት ላም ፈረስ ትመስላለች ብላ ስቃለች፤ አይቀየሟት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። ቤትዎ ደግ ነበር፤ ጠግቤ በልቼ፣ ተምሬ ነው የወጣሁት። የመጀመሪያውን ዓመት ግን እናቴን ፈልጌ ከጓሮ ሆኜ አለቅስ ነበር። ሰው ውለታ ቢስ እንዳይለኝ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የምነግርዎት ልወቅስዎት አይደለም፤ እምነት ስለተሰማኝ ነው።

እርስዎ እሺ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ሲምቦን ባዶ እግሯንም ቢሆን ይዣት እመጣ ነበር። ስላልተቀበሉልኝ አመሰግንዎታለሁ። እንዲህ ያለ ምስጋና እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

በታኅሣሥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልናይዎት ብንመጣ ይፈቅዳሉ? ሦስት ሳምንት እረፍት አለኝ። አይሆንም ካሉ አልቀየምም።

ልጅዎ ሄመን

*

ሱሉልታ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄመን፣

የሰማሽ አምላክ ይመስገን። ደብዳቤሽን ጥሩዬ ስታመጣልኝ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ እሷ ቀድማ አንብባ አልቅሳ ጨርሳለች።

ስለ ጓሮው ለቅሶሽ ያልሽውን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ቆየሁ። አላወቅኩም ልጄ። ጠይቄሽም አላውቅም። የሚበላ ልጅ ደህና ነው ብዬ አስብ ነበር። ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ከሌሎቹ አሥራ ሦስቱ ውስጥ ስልክ ያለውን ሁሉ በጥሩዬ በኩል እየጠየቅኩ ነው፤ አንዳንዱ መልሶልኛል፣ አንዳንዱ ስቆብኛል።

ኑ። ሦስት ሳምንት ግን ይበዛብኛል። አሥር ቀን ኑ፤ የቀረውን ሞቲ ጋ ቡራዩ ሁኑ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ነው የማበላችሁ። ከምሳ በኋላ እተኛለሁ፤ በሬን አታንኳኩ፤ ብታንኳኩም አልሰማም።

ጉድጓዱ በድንጋይና በሲሚንቶ ተከድኗል። በዚህ አትስጊ።

ስለ ላሟ፣ ለሲምቦ ንገሪልኝ፤ ፈረስ ነበር የሣልኩት። ላም ብዬ የጻፍኩት ተሳስቼ ነው።

በሰላም ያገናኘን።

አዳዳሽ የሺሃረግ

*

ሱሉልታ
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄመን፣ ለልጄ ለሲምቦም፣

በሰላም መግባታችሁን ሞቲ ለጥሩዬ ነግሯት ሰማሁ። ያደረሳችሁ ጌታ ይክበር። ካንቺ ደብዳቤ በፊት ልቅደምሽ ብዬ ነው።

አሥሩ ቀን እንዴት እንዳለቀ አላወቅኩም። ስትሄዱ አለቀስኩ፤ ከዚያ ገብቼ አልጋዬን አነጠፍኩና ጥግብ ያለ እንቅልፍ ተኛሁ። ሁለቱም ደስ አለኝ። ሁለቱ በአንድ ቀን ይኖራሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንቺ የሞቲን ሚስት ልታዪ ቡራዩ የወረድሽ ቀን የሆነውን አልነገርኩሽም። ጥሩዬ ሱቋን ዘግታ ከእኛ ጋር ውላ ነበር፤ ለጆሮ ያህል። እኔ ጠዋት ገበያ ደርሼ ስመለስ እግሬ ዝሏል። ሲምቦ መጣች። እንደነገርሻት ነው መሰለኝ ከኋላዬ አትጠራኝም፤ ዞራ ፊቴ ትቆማለች፣ ጉልበቴን በጣቷ ነካ ታደርጋለች፣ ከንፈሯን እንዳይ ቀስ ብላ ትናገራለች። ከአዋቂው ሁሉ እሷን ነው በደንብ የምሰማት።

«ሜዳው ላይ ላሞቹን እንይ» አለችኝ።

ድሮ ቢሆን እየጎተትኩ እነሳ ነበር። መንገድ ላይ ደግሞ ልጁን እቆጣ ነበር፤ ልጁም ለምን እንደተቆጣሁት ሳያውቅ ያቀረቅራል። ያንንም ታስታውሺው ይሆናል።

«አሁን አልፈልግም፤ ደክሞኛል» አልኳት። ፊቷ ይጠቁራል ብዬ ፈርቼ ነበር። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ለልጅ ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅማ።

«እሺ» አለችና ሄደች። በቃ። ከጥሩዬ ጋር ድንጋይ ስትጫወት አየኋት፤ ትስቃለች። እኔ እግሬን ዘርግቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይታ ተመልሳ መጣች። ዞራ ፊቴ ቆመች። ጉልበቴን ነካ አደረገች።

«አሁንስ?»

ራሴን ጠየቅኩት። እግሬን ጠየቅኩት።

«አሁን እሺ» አልኳት፤ ነጠላዬን አንስቼ እጇን ያዝኩ። ሜዳው ላይ ሣሩ ታጭዶ ተከምሯል፤ ላሞቹ ቃርሚያውን ይግጣሉ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ቆየን። እንመለስ ያለችው እሷ ናት።

ስለተቆጣሽኝም፣ ቁጣሽ በርዶ ስለጻፍሽልኝም አመሰግንሻለሁ። ከልጅሽ ጋር ደህና ሰንብቺልኝ።

አዳዳሽ የሺሃረግ